ጃፓንኛን ለወራት ማቋረጥ ግድ ሲሆን ምኑ ይያዛል፣ ምኑ ይለቀቃል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጃፓንኛ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጃፓንኛ ብቃት ፈተና መጀመሪያ ደረጃ የሆነውን ኤን5ን አልፌያለሁ። ከቻይና ከመጡት የጽሕፈት ምልክቶች፣ ከካንጂ፣ ወደ 300 አነባለሁ፤ ቃላትን እያስደገመ በሚያስጠናው የካርድ ፕሮግራም፣ በአንኪ ላይም 1,800 ገደማ ካርዶች አሉኝ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ልጄን እወልዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ቢያንስ ለስምንት ወር ክፍል መግባት አልችልም፤ በቀን ከአሥር ደቂቃ በላይ አገኛለሁ ብዬም አላስብም። የለፋሁበት ሁሉ ጠፍቶ ከዜሮ እንዳልጀምር ፈርቻለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? ባለቤቴ ጃፓንኛ አይችልም፤ የማወራውም ሰው የለኝም።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አስቀድሜ በሰላም ያገላግልሽ። ከዜሮ አትጀምሪም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ። ግን ደግሞ ሁሉንም ይዘሽ አትቆዪም። የሁለት ዓመት ትምህርት በአሥር ደቂቃ አይጠበቅም። ስለዚህ ያለብሽ ሥራ ምኑን እንደምትይዢና ምኑን እንደምትለቂ ከአሁኑ መወሰን ነው። ሳይወስን ያቋረጠ ተማሪ ሁሉንም ልያዝ ይላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ይዝላል፤ ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ይጥለዋል። በተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው፤ በራሴም ደርሷል።

መጀመሪያ ስለ መርሳት። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየሸመደደ እንዴት እንደሚረሳቸው በራሱ ላይ ለክቷል። ቁልቁል የሚወርደው መስመሩ ዛሬም በየቦታው ይጠቀሳል፤ «በወር ውስጥ 80 በመቶው ይጠፋል» የሚባለውም ከዚያ የተወሰደ ነው። አባባሉ ግን ጥናቱን አያውቀውም። ኤቢንግሃውስ የለካው ስንቱን እንደሚያስታውስ ሳይሆን፣ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ለመያዝ ከመጀመሪያው ምን ያህል ያነሰ ጊዜ እንደሚበቃው ነው። ከ31 ቀን በኋላ እንኳ 21 በመቶ ያህሉን ልፋት ቆጥቧል፤ ያውም ትርጉም በሌለው ድምፅ። አንቺ የያዝሽው ደግሞ ትርጉም ያለው፣ እርስ በርሱ የተሳሰረ፣ የተነገረና የተሰማ ቋንቋ ነው። ጠፋ የሚባለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ያለበት አለ፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው ሣር የበቀለበት።

ለአንቺ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሃሪ ባሪክ ሥራ ነው። ይህ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1984 ባወጣው ጥናት፣ በትምህርት ቤት ስፓኒሽ የተማሩ 733 ሰዎችን ፈትኗል፤ ከመካከላቸው ትምህርቱን ካቆሙ 50 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ዓመታት ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የተረፈው ለአሥርት ዓመታት ብዙም አልቀነሰም። የሚተርፈውን መጠን በዋናነት የወሰነው ደግሞ ሰውየው ሲያቆም ቋንቋውን ምን ያህል አጥብቆ ይዞት እንደነበር ነው።

ከዚህ ለአንቺ የሚሆን አንድ ትልቅ ነገር ይወጣል። ስምንት ወር በዚህ መለኪያ አጭር ነው፤ እስክትወልጂ ያሉት ሦስት ወራት ግን ከስምንቱም ይበልጥ ይወስናሉ። አብዛኛው ሰው «ከማቋረጤ በፊት የቻልኩትን ያህል ልግፋ» ብሎ አዲስ ምዕራፍ፣ አዲስ ካንጂ ይጨምራል። እኔ የምመክርሽ ተቃራኒውን ነው። ከዛሬ ጀምረሽ አዲስ ነገር አቁሚ፤ ያለሽን አጥብቂ።

በአንኪ ይህ ቀላል ነው። በቀን የሚመጣው የአዲስ ካርድ ቁጥር ካልነካሽው 20 ነው፤ ዜሮ አድርጊው። ድጋሚ የሚመጡልሽን ብቻ ሥሪ። አንኪ ከአንዱ ድጋሚ እስከ ቀጣዩ ያለው ልዩነቱ 21 ቀንና ከዚያ በላይ የደረሰን ካርድ የበሰለ ይለዋል። ዓላማሽ ቀኑ ሲደርስ አብዛኛው ካርድሽ በስሎ እንዲገኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የገባ ቃል ነገ፣ ከዚያም ከአራት ቀን በኋላ ካልታየ ይሞታል፤ ልዩነቱ አራት ወር የደረሰ ቃል ግን በስምንት ወር ውስጥ ብቅ የሚለው ሁለቴ ቢሆን ነው። አዲስ መጨመር ካቆምሽ በየቀኑ የሚጠብቅሽ የካርድ ብዛት በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር ቀድሞ ግማሽ ሰዓት ይበላ የነበረው ሥራ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አንድ ካርድ ስምንት ጊዜ ከተሳሳትሽበት ፕሮግራሙ ራሱ ነጥሎ ምልክት ያደርግበታል፤ እንደ ቅንብሩም ያግደዋል። እነዚያን አትታገያቸው፤ ታግደው ይቆዩ።

ድግግሞሹ መራራቁ አያስፈራሽ። ያው ባሪክ ከቤተሰቦቹ ጋር ሆኖ ለዓመታት የቆየ ሌላ ጥናት ሠርቶ በ1993 አውጥቷል። አራት ሆነው 300 የባዕድ ቋንቋ ቃላት በተለያየ የጊዜ ርቀት ሲደጋግሙ ኖሩ። በየ56 ቀኑ 13 ጊዜ የተደገመው፣ በየ14 ቀኑ 26 ጊዜ ከተደገመው ጋር የሚቀራረብ ውጤት አመጣ። በግማሽ ልፋት ማለት ነው። ስለዚህ ልጅሽ ታሞ ሁለት ሳምንት ምንም ሳትሠሪ ብታልፊ፣ «አበላሸሁት» ብለሽ አትጣይው። ተራርቆ የተደገመም ይቆጠራል።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ከኤን5 ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ኤን4ን ለመውሰድ አስበሽ ከሆነ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው በጁላይና በዲሴምበር የመጀመሪያ እሁድ ነው፤ አንዳንድ አገር በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል። ቀኑ ከመውለድሽ በፊት ከሆነና ጤናሽ ከፈቀደ ውሰጂው፤ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አያልፍበትም። ካልሆነ ግን አትቆጪ። ፈተናው ማንበብና ማዳመጥን እንጂ መናገርን አይለካም፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከሁሉ ቶሎ የሚመለሱ ናቸው።

አሁን ከጃፓንኛ ውስጥ ምን ቀድሞ እንደሚሸሽ ልንገርሽ፤ የምትይዢውን የምትመርጪው ከዚህ ነውና።

ካንጂን በእጅ መጻፍ ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። ይሂድ። ጃፓናውያን ራሳቸው በኮምፒዩተር መጻፍ ከለመዱ ወዲህ የሚያነቡትን ካንጂ በእጃቸው ለመጻፍ ሲሞክሩ ይጠፋባቸዋል፤ ለዚህ ሁኔታ «ዋፑሮ ባካ» የሚል ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ በጽሕፈት ማሽኑ የደነዘዘ እንደ ማለት ነው። መንግሥት በ2010 የዘወትር ካንጂዎችን ዝርዝር አሻሽሎ 2,136 ሲያደርሳቸው፣ ድባቴን የሚገልጸውን፣ 29 ጭረት ያለውን «ኡትሱ»ን ሳይቀር አስገብቷል፤ ሁሉንም በእጅ መጻፍ መቻል ግድ እንዳልሆነም አብሮ ተቀብሏል። የአገሬው ሰው የተፈቀደለትን አንቺም ለራስሽ ፍቀጂ። ደብተሩን ዝጊና ማንበቡን ያዢ።

የመቁጠሪያ ቃላትም ቶሎ ይሸሻሉ። ረጅም ነገር ሲቆጠር «ኢፖን፣ ኒሆን፣ ሳንቦን»፣ ትንሽ እንስሳ ሲቆጠር «ኢፒኪ፣ ኒሂኪ፣ ሳንቢኪ» እያለ ድምፁ የሚገላበጠው ሁሉ ማለቴ ነው። ሊን ሃንሰን የተባለች ተመራማሪ፣ ጃፓን ውስጥ በሚስዮናዊነት ኖረው ወደ አሜሪካ የተመለሱ ሰዎችን ስታጠና፣ መቁጠሪያዎቹ የሚጠፉት በተለመዱበት ቅደም ተከተል ግልባጭ እንደሆነ አይታለች፤ መጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ለሁሉም ነገር የሚያገለግለውን «ሂቶትሱ፣ ፉታትሱ፣ ሚትትሱ» እስከ አሥር አጥብቀሽ ያዢ፤ ሌሎቹ ስትመለሺ ይመለሳሉ። የወሩን ቀናት ግን፣ «ትሱይታቺ፣ ፉትሱካ፣ ሚክካ» የሚለውን ማለቴ ነው፣ አልፎ አልፎ ከአፍሽ አውጪው፤ ደንብ ስለሌለው አስበሽ የምትደርሺበት መንገድ የለም። በትልልቅ ቁጥሮች አማርኛ ያግዝሻል። ጃፓንኛ «ማን» ብሎ በአሥር ሺህ የሚቆጥረው እኛ በግዕዝ ቁጥር ፼ ብለን ጽፈን እልፍ የምንለውን ነው። «ሳንማን» ስትሰሚ «ሦስት እልፍ» በዪ፤ ሠላሳ ሺህ ለማለት አእምሮሽ አይጨናነቅም።

አማርኛን ካነሳሁ አይቀር፣ የእኛ ተማሪዎች ከሌሎች የተለየ ዕድልና የተለየ ድክመት እንዳላቸው ልንገርሽ። ዕድሉ የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» በጃፓንኛም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል። «ተመልሶ መጣ» ስንል «ተመልሶ» የሚሠራውን ሥራ በጃፓንኛ የ«ቴ» ቅርጽ ይሠራዋል፦ «ካኤትቴ ኪታ»። ይህ አይጠፋብሽም፤ የአፍ መፍቻሽ ሲጠብቅልሽ ይኖራል። ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ቃል መሆኑን የሚያውቅ ጆሮ፣ «ካኤትቴ» ማለት ተመልሶ፣ «ካኤቴ» ማለት ቀይሮ እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም። ለብዙ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ይህ የዓመታት ሥራ ነው።

ድክመታችን ያለው በአናባቢ ርዝመት ነው። አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ቃል አይለይም። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ «ኦባአሳን» አያት ናት። ክፍል ውስጥ ሳለሽ መምህርሽ ታርምሽ ነበር፤ ያ እርማት ሲቆም ረጅሙ ሁሉ ቀስ በቀስ ያጥራል፤ አንቺ ደግሞ አይታወቅሽም። ከተመለሱ ተማሪዎቼ ጋር ስቀመጥ መጀመሪያ የምሰማው ይህንን ነው፤ ለማረም የሚፈጀው ጊዜም ከቃላቱ ይበልጣል። ስለዚህ ከአሥሩ ደቂቃ የበለጠው ድርሻ ለጆሮሽ ይሁን እላለሁ።

የዘወትሩ የድምፅ ፊደል ሂራጋና አይጠፋም። የባዕድ ቃላት የሚጻፉበት ካታካና ግን ይደበዝዛል፤ በተለይ «ሺ»ና «ትሱ»፣ «ሶ»ና «ን» ይምታታሉ፤ ጭረታቸው ተመሳሳይ ሆኖ አቅጣጫው ብቻ ይለያያልና። የስልክሽን ቋንቋ ወደ ጃፓንኛ ብትለውጪው ስለ ካታካና የተለየ ጊዜ መስጠት አይኖርብሽም፤ ከስልክ ቃላት ብዙዎቹ በእሱ የተጻፉ ናቸው።

እንግዲህ አሥሩ ደቂቃ። እጅሽ በሕፃን የተያዘ፣ እንቅልፍሽም የተቆራረጠ ይሆናል። በዚያ ሁኔታ መጽሐፍ መግለጥ አይታሰብም። ስለዚህ ከመውለድሽ በፊት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑ፣ በደንብ የምታውቂያቸው የንግግር ቅጂዎች ምረጪና ስልክሽ ላይ ጫኚ። ከመማሪያሽ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጃፓን ፋውንዴሽንም በነፃ የሚያወርዱት ድምፅ ያላቸው ትምህርቶች አሉት። የምታውቂያቸው ይሁኑ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የደከመ ሰው አዲስ ነገር ሲያዳምጥ ድምፁ በጆሮው አልፎ ይሄዳል፤ የሚያውቀውን ሲሰማ ግን አእምሮው ቀድሞ እየሮጠ ቀጣዩን ቃል ይጠብቃል። አሁን ካልመረጥሽ ደግሞ ያን ጊዜ አሥሩ ደቂቃ በፍለጋ ያልቃል።

ማዳመጥ ብቻውን ግን አይበቃም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ ደግመው ከማንበብ ይልቅ ያነበቡትን ከራሳቸው እያወጡ የጻፉት ሆኑ። ለአንቺ ይህ ማለት፣ ቅጂውን አንዴ ሰምተሽ፣ አቁመሽ፣ የቻልሽውን በድምፅ ደግመሽ መናገር ነው። የተሳሳትሽውን ቀጥሎ ስትሰሚው ይታረማል። ለጆሮ ከሰጠሽው ጊዜ ግማሹን ስሚበት፣ ግማሹን ተናገሪበት። ካርዶቹን ጊዜ ባገኘሽበት ቀን ሥሪ፤ ባላገኘሽበት ተያቸው። ከጆሮና ከካርድ አንዱን ምረጪ ብባል ያለ ማመንታት ጆሮን እመርጣለሁ። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ በካርድ ብዛት የሚያምኑ ባልደረቦች አሉኝ፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም።

ስለ መመለሻው ከራሴ ልንገርሽ። አባቴን ሳስታምም ጃፓንኛን አንድ ዓመት ተኩል ተውኩት። ስመለስ አንኪን ስከፍት ከ2,000 በላይ ካርዶች ቀናቸው አልፎ ጠበቁኝ። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ልጨርሳቸው ተቀመጥኩ፤ እሁድ ማታ ፕሮግራሙን ዘግቼ ለሁለት ወር አልከፈትኩትም። ጃፓንኛው ሳይሆን የተቆለለው ሥራ ነው ያባረረኝ። ከዚያ በኋላ ለተመለሰ ተማሪ ሁሉ የማደርገው አንድ ነው፤ የቀኑን ድጋሚ በ40 ካርድ እገድበዋለሁ። ቁልሉ በሁለት ወር ይለቅ በሦስት፣ ግድ የለኝም። ካርዱን ጠፍቶብሽ ብታገኚው እንደ ውድቀት አትቁጠሪው፤ ሁለተኛ ስታይው ከአዲስ ቃል ፈጥኖ እንደሚገባ ራስሽ ታያለሽ። የኤቢንግሃውስ ቁጠባ ማለት ይኸው ነው።

ስትመለሺ ካቆምሽበት ምዕራፍ አትቀጥዪ፤ ከምዕራፍ አንድም አትጀምሪ። ካቆምሽበት ሦስት አራት ምዕራፍ ወደ ኋላ ሄደሽ ንግግሮቹን አንብቢ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አዲስ ነገር አይኑር። የምትሰሚው ገብቶሽ አፍሽ ግን አልታዘዝ ቢልሽ አትደንግጪ፤ ጆሮ ቀድሞ ይመለሳል፣ አፍ ይከተላል፤ በሁሉም ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ክፍል ስትመዘገቢም ከደረጃሽ አንድ ዝቅ ብለሽ ግቢ። ጥቂት ሳምንት ቢቀልሽ የሚጎዳሽ ነገር የለም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ክፍል ግን የተመለሰን ሰው ዳግመኛ ያስቀረዋል።

የማወራው ሰው የለኝም ያልሽው ቀረ። አለሽ እኮ። ከሦስት ወር በኋላ ቀኑን ሙሉ ደረትሽ ላይ የሚውል፣ የማያርምሽ፣ የማይቸኩል ሰሚ ይመጣልሻል። ጥቂት የጃፓንኛ ቃል መስማት ሕፃኑን አይጎዳውም፤ አማርኛውንም አይቀማውም። ለአንቺ ግን ሌላ ቦታ የማታገኚው ልምምድ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት የሚያስለምዱን «ማሱ» የሚለውን የአክብሮት ቅርጽ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚነገረው ተራው ቅርጽ በሁላችንም ዘንድ ደካማ ነው። ሕፃንን ደግሞ በ«ማሱ» አያናግሩትም። ሲያለቅስ «ኦናካ ሱይታ?» በዪው፤ ራበህ እንዴ ማለት ነው። ስታቅፊው «ዳክኮ»፣ ስታዝይው «ኦንቡ» ነው፤ ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ማቀፍና ማዘልን በተለያየ ቃል ይለያል። ስታስተኚው «ኔንኔ ሺዮኦ»። ዳይፐሩን ስትቀይሪ «ኦሙትሱ ካኤዮኦ ኔ»፤ ቅድም ያልኩሽ መቀየር ማለት የሆነው «ካኤሩ» ነው። የ«ካኤዮኦ»ን የመጨረሻ «ኦ» ሳብ አድርጊው፤ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ትይዋለሽና ረጅሙ አናባቢ ከአፍሽ አይጠፋም።